የአንዱ ጥፋት፣ የአሥሩ ዕዳ

ሐምሌ 18 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) የታንዛኒያ ዋንጫ ፍጻሜ በታንጋኒካ ሐይቅ ዳር በምትገኘው የኪጎማ ከተማ ተካሄደ። የተገናኙት ሲምባና ያንጋ ነበሩ። ሁለቱም የዳሬሰላሙ የካሪያኮ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ ያንጋ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ሲምባ በ1936 ተመሥርተው አገሪቱን ለሁለት ከፍለው ይኖራሉ። ከዳሬሰላም ኪጎማ በባቡር ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ዕረፍት ሳይደርስ የያንጋው አማካይ ሙኮኮ ቶኖምቤ በቀይ ካርድ ወጣ። የቀሩት አሥሩ ሲከላከሉ ቆዩ። ጨዋታው ሊያበቃ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው ግን ኡጋንዳዊው ታዴዎ ሉዋንጋ ግብ አስቆጠረ፤ ሲምባም 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ዳኛው የተጻፈውን ሕግ ፈጽመዋል። ጥያቄው ሕጉን ራሱን ይመለከታል፦ ያጠፋው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ አሥሩ ስለ ምን ይከፍላሉ? በቅርጫት ኳስ ጥፋት የበዛበት ተጫዋች ሲወጣ ሌላው ይተካዋል፤ ቡድኑ አይጎድልም። እግር ኳስ ግን ጉድለቱን እስከ መጨረሻው ፊሽካ ያሸክማል።

ይህ ዓይነቱ ፍርድ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ዘመን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው ሥርዓት ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ይቆያል፤ አጥፊው ካልተጠቆመም ካሣውን ሁሉም አዋጥቶ ይከፍላል። ለዚያ ሥርዓት ምክንያት ነበረው፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ምሥጢር ያውቃል ተብሎ ይታመናልና። በሜዳ ላይ ግን ክርን ሲሰነዘር ወይም እግር ሲነሣ ባልደረባ የሚያግድበት ጊዜ የለውም። ጠባቂ ባልተደረገ ሰው ላይ የጠባቂነት ዕዳ መጫን ይከብዳል።

«ደስታውን በጋራ ስለሚካፈሉ መከራውንም ይካፈሉ» የሚሉ አሉ። አንዱ ሲያገባ ሁሉም ይዘላል፤ ዋንጫውን ያልተሰለፈው ተጠባባቂ ሳይቀር ያነሣል። መልካም አባባል ነው፤ ግን አያጠግብም። ደስታን መካፈል ስጦታ ነው፣ እምቢም ማለት ይቻላል፤ ቅጣት ግን ማንንም አይጠይቅም።

የሚያሳምነው ምክንያት ያለው በተጋጣሚው ወገን ነው። ለወጣው ተጫዋች ምትክ ቢፈቀድ፣ ብዙ ተጫዋች ያለው ባለ ሀብት ቡድን አንዱን ሰው የተጋጣሚውን ኮከብ እንዲሰብር ልኮ ሌላውን በቦታው ያስገባ ነበር። ጥፋት ዋጋው የታወቀ ሸቀጥ በሆነ! የአሥሩ መጉደል እንግዲህ ለተበዳዩ የሚከፈል ካሣ ነው። ሕጉም ቢሆን ወሰን አበጅቷል፤ አንድ ቡድን ከሰባት ሰው በታች ከሆነ ጨዋታው አይቀጥልም።

ይህ ሚዛን የማይሠራበት ስፍራ ግን አለ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 30 ቀን እነዚሁ ቡድኖች በሊጉ ሊገናኙ ነበር። የጨዋታው ሰዓት ከቀኑ 11 ወደ ምሽቱ 1 ተዛወረ፤ (ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደ አማርኛ ነውና ይህ ለታንዛኒያውያን ትርጉም አያሻውም።) ያንጋ «በደንቡ መሠረት አስቀድሞ አልተነገረንም» ብሎ በቀድሞው ሰዓት መጥቶ ሄደ፤ ሲምባ በአዲሱ ሰዓት ቀረበ። ጨዋታው ቀረ። በቤንጃሚን ምካፓ ስታዲየም የተሰበሰበው ሕዝብ ግን ምን አጠፋ? ሰዓት አልለወጠም፤ አልቀርብም አላለም። የእርሱ መጉላላት ለማንም በደል ካሣ አልሆነም። ኪጎማ ላይ ዐሥር ሰው የከፈለው ዕዳ ቢያንስ ተቀባይ ነበረው። ስለ ቀይ ካርድ ለሳምንታት የሚከራከረው ደጋፊ ስለዚህኛው ቶሎ ዝም ማለቱ ይገርማል።

ራግቢ በቅርብ ዓመታት መካከለኛ መንገድ ሞክሯል፤ በአንዳንድ ቀይ ካርዶች ቡድኑ 20 ደቂቃ ጎድሎ ከተጫወተ በኋላ ምትክ ያስገባል። ያ ሕግ በኪጎማ ቢሠራ ኖሮ ያንጋ በሁለተኛው አጋማሽ እንደገና አሥራ አንድ በሆነ፣ ሉዋንጋም ግቡን በሙሉ ቡድን ላይ ለማግባት በሞከረ ነበር። አያገባም ነበር ብሎ የሚምል የያንጋ ደጋፊ እስከ ዛሬ አይጠፋም፤ የሲምባውም ጎረቤቱ ዝም አይለውም።