መሣሪያ የያዘው የአክስት ልጅ

የካቲት 2017 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል በደቡብ ሱዳን ናስር ከተማ የሚገኘው የመንግሥት ጦር ሰፈር «ነጭ ጦር» በተባሉት የኑዌር ታጣቂዎች እጅ ወደቀ። ወዲያው አካባቢው ከአየር ተደበደበ፤ ሚያዝያ 12፣ በፋሲካ ዕለት፣ የመንግሥት ጦር ናስርን መልሶ ያዘ። በነዚያ ሳምንታትና ከዚያም በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወሰን ተሻግሮ ጋምቤላ ገባ። ከተቀበሉት አንዷ በዋንቱዋ ወረዳ ያለችው ማታር ናት። ትንሽ ከተማ ናት። ጦርነቱን አላወጀችም፤ ቁስለኛው ግን እሷ ዘንድ መጣ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ «እንግዳ መቀበል ባህላችን ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሞልቷል። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። የመጣው ሰው ትናንት ሲተኩስ የነበረ ከሆነስ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጭ ጦር የሚባለው ደመወዝና ካምፕ ያለው ሠራዊት አይደለም። አብዛኛው ከብት ጠባቂ ወጣት ነው፤ ሲጠራ ጠመንጃውን ያነሣል፣ ሲበተን ወደ ከብቱ ይመለሳል። በ1969 ዓ.ም. የጸደቀው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ ሲቪል ሰው ጥበቃውን የሚያጣው በውጊያው በቀጥታ በሚሳተፍበት ጊዜ ብቻ ነው ይላል። ወረቀት ላይ ጥርት ያለ ነገር ነው። እስቲ ማክሰኞ ናስር ዳር የተኮሰ ልጅ ዓርብ እናቱን ይዞ መጣ እንበል። ያ «ጊዜ» አለቀ ወይስ አላለቀም? ማንስ ነው የሚፈርደው፤ በር ላይ የቆመችው ሴትዮ?

ካንት በ1795 እ.ኤ.አ. ስለ ዘላለማዊ ሰላም ሲጽፍ፣ ባዕድ ሰው ሊመለስ የሚችለው መመለሱ ለጥፋት የማይዳርገው ከሆነ ነው ብሏል። መልካም ብሏል። ግን የካንት እንግዳ ባዕድ ነው። የማታሩ እንግዳ እኮ የአክስት ልጅ ነው! በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዞች ሲዋዋሉ ባሮን በከፊል ወሰን አደረጉት፤ የጂካኝ ኑዌር ሕዝብም ከወዲህና ከወዲያ ቀረ። የጥሎሽ ከብት ዛሬም ወሰኑን ይሻገራል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምንለው ተረት እዚያ አይሠራም፤ ጎረቤቱም ዘመዱም አንድ ሰው ነው።

አንዳንዶች «ነገ በእኛም ይደርሳል» ብለው ይከራከራሉ። ማስረጃም አላቸው፤ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የኢታንግ ካምፕ ባዶ ሆነ፣ እጅግ ብዙ ስደተኛም ወደ ናስር አቅጣጫ ሸሸ። ያን ጊዜ የሚሸሹት ከዚህ ነበር። ይህ ክርክር ግን ለእኔ ጎዶሎ ነው። ብድር መላሽ ብቻ የሚጠለል ከሆነ፣ ምንም የማይመልስ ሽማግሌ ምን ሊሆን ነው?

የአስተናጋጇም ነገር አለ፤ ስለ እሷ የሚጽፍ ጥቂት ነው። በ2017 ኮሌራ ከወሰኑ ወዲያም ወዲህም ነበረ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞችም ማታር ላይ ሕሙማንን ያክሙ ነበር። ውኃውን የምታካፍል እናት ልጇንም ታስባለች። «አልቀበልም» ብትል ጨካኝ ናት ለማለት አፌ አይደፍርም። ጭካኔው ያለው ከሩቅ ሆኖ ደግነቷን እያመሰገነ ክሎሪንና እህል በማያደርስላት ዘንድ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤን ልናገር። ማንም ሰው ከመሻገሩ በፊት ንጹሕነቱን አስመስክር ሊባል አይገባም፤ በጥይት መካከል ምስክር ከየት ይመጣል? ጠመንጃው ግን ይቅር። ጠመንጃ ከገባ ከተማዋ በሙሉ ዒላማ ትሆናለች፣ ያልተስማማችበትን ውጊያም ትወርሳለች። ልጁ ይግባ፣ መሣሪያው ይቅር ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም። ለእሱ ያ ጠመንጃ የከብቱ ጠባቂ ነው፤ ሲመለስ ባዶ እጁን ነው። ይህን እያወቅን ነው የምንጠይቀው።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1961 ዓ.ም. መገባደጃ አዲስ አበባ ላይ ያጸደቀው የስደተኞች ስምምነት፣ ለደኅንነት ሲባል ስደተኞች በተቻለ መጠን ከወሰን ራቅ ብለው እንዲሰፍሩ ያዛል። ብልህ ድንጋጌ ነው፤ ጦርነትን ከመጠለያ ይለያል። እናትየዋን ግን ጠይቋት። ልጇ ከብቱን ፍለጋ ተመልሷል፤ ከወንዙ ከራቀች መምጣቱን ማን ይነግራታል? መኪናው ሊያነሣት ሲመጣ አልሄድም ብትል፣ ሕጉን ያላወቀች አድርገን የምንቆጥራት በምን ሒሳብ ነው?