ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሸጠው ሆም ቴአትር ብዙው ሱቅ ከመድረሱ በፊት በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ያልፋል። ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ በተሳቢ ይመጣል፤ ወይ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይራገፋል፣ ወይ ቃሊቲ ጉምሩክ ደርሶ ይፈተሻል፣ ይተመናል፣ ቀረጡ ይከፈልበታል። ከዚያ መርካቶ ይገባል። ከአስመጪው ወደ ጅምላ ሻጩ፣ ከጅምላ ሻጩ ወደ ቸርቻሪው ሲተላለፍ በየእጁ ትርፍ ይጨመርበታል። የቱሉ ዲምቱ ወይም የሳሎ ጎራ ነዋሪም በደጁ ያለፈውን ዕቃ መርካቶ ድረስ ሄዶ፣ ተከራክሮ ገዝቶ፣ በላዳ ጭኖ ይመለሳል።

ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች ገዢው በዓይኑ የሚያየው ሻጩን ብቻ ነው። ዕቃው ሲበላሽ ደግሞ መጀመሪያ የሚሸሸው ያው ሻጭ ነው። እንዴት እንደሚሸሽ አንድ ጎረቤቴ የደረሰበት ነገር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ጎረቤቴ የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሹፌር ነው። አብዛኛውን ወር መንገድ ላይ ስለሚያሳልፍ ቤቱ ሲገባ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ ፊልም ማየት ይወዳል፤ ለሆም ቴአትር ብሎም ገንዘብ ሲያጠራቅም ከርሟል። ገበያ የወጣው ግን በክፉ ጊዜ ነበር፤ በነሐሴ 2016 ዓ.ም.። ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ዶላር በዚያው ዕለት ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ዘሎ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም 100 ብርን አለፈ። ከወራት በፊት በድሮው ምንዛሪ የገባው ዕቃ ሁሉ በአንድ ጀምበር አዲስ ዋጋ ተለጠፈበት። መንግሥትም ያለአግባብ ዋጋ ጨምረዋል ያላቸውን ሱቆች ማሸግ ጀመረ። ነጋዴውን ሙሉ በሙሉ መውቀስ አልችልም፤ ዛሬ የሸጠውን ነገ የሚተካው በአዲሱ ዶላር ነውና። ገዢው ግን የቱ ጭማሪ ከዶላር፣ የቱ ከስግብግብነት እንደመጣ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ ቅናሽ የሚል ቃል ሲሰማ ልቡ ቶሎ ይሸነፋል።

ባለሱቁ ጨዋ ወጣት ነበር። ካርቶኑን ከፍቶ አምስቱን ስፒከሮችና ቤዙን ደረደረ፤ ዘፈን ከፍቶ አሰማው። ከዚያ ከማሽኑ ጀርባ ካለው ብሎን ላይ ጥፍር የምታህል ወረቀት ለጠፈ። በዙሪያዋ ከ1 እስከ 12 የወራት ቁጥር ታትሞባታል፤ አንዱን ቁጥር በእስክሪብቶ ሰረዘና «የአንድ ዓመት ጋራንቲ አለዎት ጋሼ፤ ይቺ ስቲከር እንዳትነሳ ብቻ» አለው። ወደ ሂሳቡ ሲመጡም የመርካቶ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምርጫ ቀረበ፦ በደረሰኝ 46 ሺህ፣ ያለ ደረሰኝ 40 ሺህ።

6 ሺህ ብር ለደመወዝተኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። «ያለ ደረሰኝ ይሁን» አለ፤ በቴሌብርም ከፈለ። ገንዘቡ የገባበት ስም ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ንግድ ፈቃድ ላይ ካለው ስም ጋር አንድ አልነበረም። ያኔ ልብ አላለውም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቤዙ ዘፈን ሳይከፈት እንኳ ያጉረመርም ጀመር፤ ቀጥሎ ጭራሹን ዘጋ። ሱቁ ተመልሶ ሲሄድ «ጋሼ፣ ጋራንቲው የኩባንያው ነው፤ ወኪሉ ጋ ይሂዱ» ተባለ። ወኪሉ ዘንድ ሄደ። እዚያ የሲሪያል ቁጥሩን አይተው «ይሄ በእኛ በኩል የገባ አይደለም» አሉት። ዕቃው ፎርጅድ አልነበረም፤ ለሌላ አገር ገበያ ተሠርቶ በዱባይ በኩል የመጣ ነው። ወኪሉ ደግሞ ኃላፊነት የሚወስደው ራሱ ላስገባው ዕቃ ብቻ ነው። በዚህ መሃል ሥራ ጠራውና ጅቡቲ ደርሶ ተመለሰ። መርካቶ እንደገና ሲሄድ ባለሱቁ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ደረሰኝ አለዎት?»

ጎረቤቴ 6 ሺህ ብሩን ከግብር ያተረፋት አድርጎ ነበር ያሰባት። ሂሳቡን ከባለሱቁ በኩል እንየው። ደረሰኝ ቢቆርጥ ኖሮ 6 ሺህ ብሩ የ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ሆኖ ለመንግሥት ይገባ ነበር፤ ለባለሱቁ ኪስ የሚተርፍ ነገር የለውም። ስለዚህ «ቀነስኩልህ» ያለው ከራሱ ገንዘብ አይደለም። በምትኩ ሽያጩ ከገቢ መዝገቡ ወጣለት። ዕቃው ሲበላሽም የሚጠየቅበት ማስረጃ ጠፋለት። ገዢው 6 ሺህ ብር አገኘ፤ የሰጠው ግን የአንድ ዓመት ዋስትናውን ነው፣ ያውም ሳያውቅ።

«ጋራንቲው የኩባንያው ነው» የሚለው መልስ ሰውን ሁሉ አፉን ያስይዛል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ለገዢው ዋስ የሚያደርገው ሻጩን ነው፤ የተሸጠው ነገር እንደ ውሉ መሆኑንና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ሻጩ ያረጋግጣል። ፋብሪካው ካርቶን ውስጥ የሚያስቀምጠው ካርድ ከዚህ በላይ የሚጨመር እንጂ ይህንን የሚተካ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። ጎረቤቴ መጀመሪያ ሱቁ በር ላይ በቆመበት ቀን ይህ መብት በእጁ ነበር። በሱቁና በወኪሉ መካከል ሲመላለስ ጊዜው አለቀበት።

ሕጉ ከገዢውም የሚጠብቀው አለ። ዕቃውን ሳይዘገይ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይውል ሳያድር ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ክሱንም ካስታወቀ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይኖርበታል። በቃል ተናግሮ መመለስ ኋላ «መቼ ነገርከኝ?» ያስከትላል። አጭር ደብዳቤ ጽፎ ቅጂው ላይ ማስፈረም ወይም ቢያንስ በስልክ መልእክት መላክ ያንን ይዘጋል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው የግድግዳ ማስታወቂያም ሻጩ እያወቀ የደበቀውን ጉድለት አይሸፍንለትም። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ የግድ በጽሑፍ መሆን ስለሌለበት፣ ደረሰኝ የሌለው ሰው መብት የለውም ማለትም አይቻልም። ነገር ግን ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ከነበሩት ውስጥ ለእሱ ሊመሰክር የሚመጣ ማን ነው? የቴሌብሩ መረጃም ገንዘብ ለአንድ ግለሰብ መላኩን እንጂ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ሱቅ እንደተገዛ አይናገርም።

ማስረጃ ሲኖር ነገሩ እንዴት እንደሚለወጥ ለማየት፣ በዚሁ የስፒከርና የአምፕሊፋየር ገበያ አውሮፓ ውስጥ የሆነውን ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 2018 በአራት የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ላይ በድምሩ ከ111 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ቅጣት ጣለ። ከአራቱ መካከል በሆም ቴአትር ዕቃ ስማቸው የታወቀው ዴኖንና ማራንትዝ 7.7 ሚሊዮን፣ ፓዮኒር ደግሞ 10.2 ሚሊዮን ዩሮ ደርሷቸዋል። ጥፋታቸው ዕቃቸውን በኢንተርኔት የሚሸጡ ነጋዴዎች ከተወሰነ ዋጋ በታች እንዳይሸጡ መጫን ነበር፤ የቀነሰ ነጋዴ ዕቃ ይከለከላል ተብሎ ይስፈራራል። ብዙዎቹ ነጋዴዎች የሌላውን ዋጋ በኮምፒውተር ይከታተሉ ስለነበር አንዱ ተገድዶ ዋጋውን ሲያነሳ የሌሎቹም አብሮ ይነሳል። የእኛው አዋጅ 813ም አከፋፋይ ለቸርቻሪ ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ እንዳይወስንበት ይከለክላል። እዚያ ጉዳዩ እልባት ያገኘው ማስረጃ ስለነበረ ነው፤ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ጥፋታቸውን አምነው መረጃ በመስጠታቸው ቅጣታቸው ከ40 እስከ 50 በመቶ ተቀንሶላቸዋል። ዋስትናን በተመለከተም የአውሮፓ ኅብረት ሻጩን ቢያንስ ለ2 ዓመት ተጠያቂ የሚያደርግ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የእኛ ሕግ ሻጩን ዋስ ካደረገ ያኔ 39 ዓመት ሆኖት ነበር። ሕጉ ቀድሞ የነበረን ሰዎች ያለ ማስረጃ እየገዛን መብታችንን ሱቅ ጥለን መውጣታችን ያሳዝነኛል፤ መንግሥትም ዋጋ የጨመረን ሱቅ ለማሸግ ያሳየውን ትጋት ዋስትና ለካደ ሱቅ ሲያሳይ አላየሁም። ሸማቹን እንዲጠብቅ የተቋቋመው ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ከዞረ ወዲህ፣ አንድ የቱሉ ዲምቱ ሹፌር በ40 ሺህ ብር ጉዳይ የት ሄዶ እንደሚያመለክት በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ካርቶኑ ላይ ስላለው ዋትም አንድ ነገር ልበል። በትልቁ የሚጻፈው 1200 ወይም 2000 ዋት ብዙ ጊዜ ፒኤምፒኦ የሚባለው ነው፤ ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበት፣ አምራቹ እንደፈለገ የሚያሰላው ቁጥር። ማሽኑ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል የሚገለጸው በአርኤምኤስ ነው፤ እሱም ከተጻፈ በትንሹ፣ ከማሽኑ ጀርባ ነው የሚገኘው። የመብራት ነገርም አለ። ብዙ የጋራንቲ ካርዶች በቮልቴጅ መዋዠቅ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም። መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፖል በሚቃጠልበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህች መስመር ጋራንቲውን ግማሽ ታደርገዋለች፤ ስታብላይዘር ከሌለ ሻጩ ቀድሞ የሚያነሳው ሰበብ እሷን ነው።

ጎረቤቴ ቤዙን ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ካለ ባለሙያ ዘንድ ወስዶ በራሱ ገንዘብ አሠራው። ባለፈው ዓመት የሚስቱ ወንድም ቴሌቪዥን ሲገዛ አብሮት ሄደ። በመጀመሪያው ሱቅ «ዋጋውን በደረሰኝ ንገረን፣ ከዚያ ላይ ነው የምንከራከረው» ሲል ባለሱቁ ፊቱን አዞረባቸው። ሁለተኛው ሱቅ ተስማማ። ትንሽ ተከራክረው ከደረሰኙ ዋጋ ላይ 1500 ብር አስቀነሱ። የማሽኑን ደረሰኝ ከነአታችመንቱ ተቀበሉ፤ አታችመንቱ ላይ ሞዴሉና ሲሪያል ቁጥሩ እንዲጻፍ፣ «በሱቁ የ1 ዓመት ዋስትና አለው» የሚል መስመርም ተጨምሮ ማኅተም እንዲያርፍበት አደረጉ። ክፍያውን ንግድ ፈቃዱ ላይ ባለው ስም ወደተከፈተው ሂሳብ አስገቡ። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ቀለሙ ዓመት ሳይሞላው እየደበዘዘ ስለሚጠፋ፣ ሱቁ ውስጥ እንደቆሙ ሁለቱም በየስልካቸው ፎቶ አነሱት።