የክረምት ፍቅርና የኒካህ ደጅ



ክረምት ገብቶ ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ዝናቡ ወጣቱን ቤት ያውለዋል፤ በስልኩም ላይ ፍቅር ይበቅላል። በሰላምታ የተጀመረው መልእክት ሳምንት ሳይሞላው «በላሽ ወይ? ተኛሽ ወይ?» ይሆናል። ፈገግ ብልም ዝም ብዬ አላልፈውም።

ፍቅር ራሱ ነውር አይደለም። እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ.) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታማኝነት ልባቸው ቢሳብ፣ ነፊሳን ልከው ሐሳባቸውን አሳወቁ፤ ጉዳዩም በቤተሰብ ፊት በኒካህ ተቋጨ። ዲናችን መተዋወቅን አልዘጋም፤ የዘጋው ድብቁን መንገድ ነው። ሦስተኛ ሰው የሌለበት የሌሊት ጭውውትስ ከኸልዋ በምን ይለያል?

ቴሌግራም ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ እንዲያጠፋ ፈቅዷል። የሐምሌውን ቃል መስከረም ላይ አንዲት ጣት ትሰርዘዋለች፤ የእህታችን ልብ ግን እንዲህ አይሰረዝም። ኒካህ ግን ወሊይ፣ ምስክሮችና መህር አለው።

እህቴ ሆይ! «እወድሻለሁ» ሲልሽ የአባትሽን ስልክ ስጪው። ከልቡ ከሆነ ይደውላል፤ ካልሆነም ክረምቱ ሳይወጣ ታውቂዋለሽ። ወላጆችም ደጃችሁን ያንኳኳውን በመህር ብዛት አታባርሩት።

አላህ ልቦችን በሐላል ያገናኝ። ወሰላሙ ዐለይኩም።