ወላጅና አሳዳጊ

ሰው አባት የሚሆነው ልጅ በመውለዱ ነውን፣ ወይስ የተወለደውን ልጅ በኃላፊነት በመቀበሉ? ይህ ጥያቄ በሥነ ምግባር ሊቃውንት ዘንድ ብቻ ሳይሆን ለሣቅ በተሠራ ፊልም ውስጥም ይነሣል። ፈረንሳዊቷ ኮሊን ሴሮ እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረቡት፣ በማግሥቱም ዓመት የአገራቸውን ታላቅ የፊልም ሽልማት ሴዛርን ያገኘው «ሦስት ወንዶችና አንድ የሕፃን ቅርጫት» ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል።

ፒዬር፣ ሚሼልና ዣክ በፓሪስ አንድ ቤት ተጋርተው የሚኖሩ ወንደላጤዎች ናቸው። በዕድሜ ጎልማሶች ቢሆኑም ኑሯቸው ነገን የማያስብ የጎረምሳ ኑሮ ነው፤ ሴት ከአንድ ሌሊት በላይ በቤታቸው እንዳታድር ሕግ አውጥተዋል። የአውሮፕላን አስተናጋጁ ዣክ ከአገር በወጣበት ሰሞን፣ ከእርሱ የተወለደች ማሪ የምትባል ሕፃን በቅርጫት ሆና በራፋቸው ላይ ትገኛለች። እናቲቱ ለስድስት ወር ወደ አሜሪካ ሄዳለች።

ፒዬርና ሚሼል ልጂቱን አልወለዷትም፤ በመጀመሪያም አልወደዷትም። የትኛው ወተት ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን እንኳ አያውቁም። ሆኖም ስታለቅስ እያጉረመረሙ ያበሏታል፤ ሌሊቱንም ይነቁላታል። ፍቅሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ «ሳልዘጋጅ እንዴት ኃላፊነት ልቀበል?» ለሚል ሰው መልሱ፣ እንክብካቤው ራሱ ፍቅርን ያስተምራል የሚል ነው።

ይሁን እንጂ «ያልመረጥሁትን ግዴታ ማን ይጭንብኛል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ቃል ኪዳን የሚገባው በነፃ ፈቃድ ነውና። ነገር ግን ሕፃኑም ወደዚህ ዓለም ይመጣ እንደ ሆነ አልተጠየቀም። ሁለቱ ሳይመርጡ ከተገናኙ፣ ግዴታው አቅም ባለው ላይ ይወድቃል።

ፊልሙ ሌላም እውነት ያሳያል። እናቲቱ ልጇን ከወሰደች በኋላ ብቻዋን ማሳደጉ አድክሟት ወደ ወንዶቹ ቤት ትመለሳለች። ሦስት ወንዶች ሲሸከሙት ያሣቀን ሸክም፣ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ሲያርፍ አያሥቅም።

በአገራችን «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። ዕድሉ ግን የሚያጎርሰው እጅ ነው። ባለጌውንም «አሳዳጊ የበደለው» ስንል፣ የምንወቅሰው የወለደውን ሳይሆን ያሳደገውን ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ በቅዱስ ዮሴፍ ሕይወት ታስተምረናለች። ከእርሱ ያልተወለደውን ሕፃን ተቀብሎ ስም አወጣለት፤ ከሄሮድስም ሰይፍ ሊያድነው ወደ ግብፅ ተሰደደ። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለዚሁ ቅዱስ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ልጅን ወደ ዓለም ማምጣት ብቻውን ሰውን አባት እንደማያደርገው አስገንዝበዋል።

ስለዚህ በሰፈራችን ያልታሰበ እርግዝና በተሰማ ጊዜ፣ «የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የወለደ ሁሉ ከተጠያቂነት አያመልጥምና። ነገር ግን ጥያቄያችን በዚያ ካበቃ ወሬ ሆኖ ይቀራል። «እናቲቱን ማን ያግዛት? ሕፃኑንስ ማን ይያዘው?» ብለን ስንጠይቅ፣ መልሱ እኛው ልንሆን እንችላለን።