የአባቶች ቃል የማን ርስት ነው?

ርስት ሁለት ወገን ነው። አንደኛው በገመድ የሚለካው መሬት ነው፤ ሁለተኛው ግን ገመድ የማይለካው፥ በዳኛ ፊትም የማይሟገቱበት፥ እናት ለልጅዋ ከወተትዋ ጋራ የምታጠባው ቋንቋ ነው። ናቡቴ የአባቶቹን የወይን ቦታ ለንጉሥ አልሰጥም ብሎ እንደ ሞተ በመጽሐፍ የተነገረው ስለ መጀመሪያው ርስት ነው። ስለ ሁለተኛው ግን እስከዚህ ድረስ የቈረጠ ሰው እምብዛም አይሰማም። መሬት የሚወስድ ባላጋራ ድንበር ሲገፋ በዓይን ይታያል፤ ቋንቋ ግን በአንድ ቀን አይወሰድምና የጠፋበት ሰው እንኳ የጠፋበትን ቀን አያውቀውም። አያት ይናገራል፤ አባት ይሰማል፤ ልጅ አያውቅም፤ ነገሩም በዚሁ ያልቃል።

ታዲያ ይህ ርስት ከጠፋ በኋላ ሊመለስ ይችላልን? ቢመለስስ የማን ነው? የሚመልሱት ሰዎችስ ዕዳቸው ለማን ነው? ይህን በባዶው ከመመርመር ይልቅ በእውነት የሆነ አንድ ነገር ተመልክቶ መመርመር ይሻላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በሰሜን አሜሪካ በምሥራቁ ባሕር ዳር፥ ዛሬ ማሳቹሴትስ በሚባለው አገር፥ ዋምፓኖአግ የሚባል ሕዝብ ይኖራል። የስሙም ትርጓሜ ፀሓይ ከምትወጣበት ወገን ያሉ፥ የንጋት ሰዎች ማለት ነው። ከ1616 እስከ 1619 ድረስ ከባሕር ማዶ የመጣ ደዌ ይህን ሕዝብ ፈጀው። በ1620 እንግሊዞች በፕሊመዝ ሲሰፍሩ ካገኙት መንደር ብዙው ሰው አልባ ነበረ። ከሰፋሪዎቹም ወገን ጆን ኤልየት የሚባል ሰባኪ የአገሩን ልጆች ቋንቋ ተማረ፤ በ1661 ሐዲስ ኪዳንን፥ በ1663 ብሉይንና ሐዲስን በሙሉ በዚያ ቋንቋ በካምብሪጅ ከተማ አሳተመ። በዚያ ክፍለ ዓለም መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ ሲታተም ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የእንግሊዝኛው እንኳ ገና በዚያ አገር አልታተመም ነበር።

መጽሐፉ የኤልየት መጽሐፍ ተብሎ ይጠራል። ይሁን እንጂ ኤልየት ብቻውን የሠራው አይደለም። ቋንቋውን መጀመሪያ ያስተማረው ኮከኖ የሚባል በጦርነት ተማርኮ በእንግሊዝ ቤት የሚያገለግል የአገሩ ተወላጅ ነበረ፤ በትርጓሜው ጆብ ነሱታን የሚባል ሌላ ረዳው፤ በማተሚያ ቤት ፊደሉን እየለቀመ የደረደረው ከኒፕመክ ነገድ የተወለደ ጐልማሳ ነው። ይህንንም ሰው ከሥራው የተነሣ ጄምስ ፕሪንተር፥ ማለት አታሚው ጄምስ አሉት። የአንድ ሰው ስም በሽፋኑ ላይ ተጽፎ ቀረ፤ የብዙ ሰው ምላስና እጅ ግን በውስጡ አለ። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበለው፤ ወደ ኋላ ይፈለጋልና።

በ1675 መታኮም የሚባለው የዋምፓኖአግ አለቃ ከእንግሊዞች ጋራ ተዋጋ፤ በሚከተለውም ዓመት ተገደለ። በዚያ ጦርነት የተሸነፉት ወገኖች ብዙዎቹ ለባርነት ወደ ባሕር ማዶ ተሸጡ። ክርስቲያን የሆኑትንም ተወላጆች እንግሊዞች አላመኑአቸውም፤ በቦስተን ወደብ ፊት ባለች በአንዲት ደሴት በክረምት ብርድ አጋዙአቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በረሃብና በቁር አለቁ። በዚያ ጊዜ የመጽሐፉ ቅጅ ብዙው ጠፋ፤ ከዚህም የተነሣ በ1685 ሁለተኛ እትም አስፈለገ። አታሚው ጄምስም ከጦርነቱ ተርፎ ወደ ማተሚያ ቤት ተመልሶ ፊደል ለቀመ። በቋንቋው የተጻፈውን ቃል የሚያነብቡትን ሰዎች በደሴት ላይ የሚያስርብ፥ ያንኑ ቃል ደግሞ ሁለተኛ የሚያሳትም መንግሥት ምን ዓይነት ነው ቢባል መልስ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለቱም ግን በአንድ ትውልድ ውስጥ ተደርገዋል።

የአገሩ ልጆች ግን ፊደሉን ለጸሎት ብቻ አልተጠቀሙበትም። ኑዛዜ ጻፉበት፤ የመሬት ውል ጻፉበት፤ ለሹማምንት አቤቱታ ጻፉበት። መሬታቸው በየጊዜው እየተቈረሰ ሲሄድ፥ የጠፋውን መሬት የሚናገረው ወረቀት ተረፈ። ቋንቋው በ19ኛው መቶ ዓመት ውስጥ ከአፍ ሲጠፋ፥ በመዝገብ ቤትና በመጻሕፍት ቤት ውስጥ እንደ ተቀበረ ዘር ቈየ።

በ1993 ከማሽፒ ወገን የሆኑት ወይዘሮ ጄሲ ሊትል ዶ ቤርድ ይህን ዘር ለማብቀል ተነሡ። በሕልማቸው የማያውቁትን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ደጋግመው እንዳዩ ተናግረዋል። ሕልም ሁሉ አይታመንም፤ ሆኖም ሕልም አይተው ዝም ያሉ ብዙ ናቸው፤ እኒህ ሴት ግን ከሕልማቸው ነቅተው ሰዋስው ለመማር ሄዱ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ከታወቀው የቋንቋ ሊቅ ከኬነዝ ሄል ጋራ የድሮውን ወረቀትና መጽሐፍ ቅዱሱን እየመረመሩ፥ ከሕያዋን የእኅት ቋንቋዎች ጋራ እያስተያዩ፥ በ2000 የሊቅነት ማዕርግ ተቀበሉ። ሴት ልጃቸውም ይህን ቋንቋ ከሕፃንነትዋ ጀምራ ሰምታ አደገች፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያህል እንዲህ ያለ ልጅ አልታየም ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ክርክር ይህ ነው። ከሚበድል እጅ የመጣ ነገር በምስጋና ይቀበሉታልን? መጽሐፉን ያሳተሙት መሬቱን ከወሰዱት ጋራ አንድ ወገን ናቸው። ኤልየት የአገሩን ልጆች ወደ ክርስትና ሲጠራ ልማዳቸውንም አለባበሳቸውንም ወደ እንግሊዝ ሥርዓት እንዲለውጡ ይፈልግ ነበር። በመጽሐፉ ቋንቋው ይኖራል ብሎ አላሰበም፤ ያሰበው ሌላ ነበረ። እንግዲህ የዛሬዎቹ ልጆች ባለ ዕዳው የኤልየት ናቸው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ከላይ ልብ ይበሉት የተባለው እዚህ ላይ ይፈታል። ኮከኖና ጆብ ነሱታን ቃላቸውን ሰጡ፤ አታሚው ጄምስ እጁን ሰጠ፤ ገንዘብና ወረቀት ከእንግሊዝ መጣ። ሰው አደራውን በሌላ ሰው ቤት ቢያስቀምጥ፥ አደራውም በልጅ ልጁ ዘመን ቢገኝ፥ ቤቱን ያከራየው ምስጋና ይገባው ይሆናል፤ የአደራው ባለቤት ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ ይጠነክራል። ማኅበሩ ትምህርቱን ለነገዱ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ብቻ አደረገ፤ ለውጭ ሰው በሩ ዝግ ነው። ብዙዎች በዚህ ተቈጡ። ቃል እንደ እንጀራ አይደለም፤ ሲካፈሉት አይጐድልም፤ ስለ ምን ይከለከላል? አሉ። በኢትዮጵያ ያለ አንባቢም ለዚህ ምስክር ሊያቀርብ ይችላል። መጽሐፈ ሄኖክ በሌላ አገር ሁሉ ጠፍቶ በሙሉ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ጄምስ ብሩስ ቅጅውን በ1773 ወደ አውሮፓ ባደረሰ ጊዜ የዓለም ሊቃውንት ተጠቀሙ፥ ከኢትዮጵያም ሄኖክ አልጐደለም። ይህ እውነት ነው። ሆኖም በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬም በሎንዶን ናቸው። ቃሉ ሲካፈል አልጐደለም፤ ብራናው ሲወሰድ ግን ጐደለ። መካፈልና መወሰድ በአንድ መንገድ ስለሚመጡ፥ አንድ ጊዜ የተወሰደበት ሰው ሁለተኛ ሲጠነቀቅ ንፉግ ሊባል አይገባውም።

ከዚህም ሌላ የዘር እህልና የእንጀራ እህል ልዩነት አላቸው። ገበሬ ለእንግዳ ያለውን ያቀርባል፤ በክፉ ዘመን ግን ለዘር ያስቀመጠውን አይቆላም፤ እንግዳውም ጨዋ ከሆነ አይጠይቅም። ጥቂት አስተማሪ ባለበት ቦታ፥ አንዱ ሰዓት ለውጭ ሊቅ ሲሰጥ ከአንድ ልጅ የተወሰደ ሰዓት ነው። በሩ ለዘላለም ይዘጋ ቢሉ ግን ሌላ ነገር ነው። የዘር እህል የሚቀመጠው ሊዘራ ነውና፥ ከአዝመራ በኋላም አጥብቆ የሚዘጋ ጐተራ ምክንያቱን ይጥላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሦስተኛው ነው፤ ይኸውም የልጁ ነገር ነው። ማንም የማይናገረውን ቋንቋ ለሕፃን ማስተማር ጽድቅ ነውን? አባቶች ያጠፉትን በልጅ ጫንቃ ላይ መጫን አይደለምን? ልጅ ቋንቋውን መርጦ የሚወለድ የለም፤ የጐንደርም ልጅ አማርኛን አልመረጠም ይባል ይሆናል። ይህ መልስ ግን አይበቃም። የጐንደር ልጅ ከቋንቋው ጋራ አብሮ የሚጫወት መንደር፥ የሚገሥጽ አያት፥ የሚሟገት ጎረቤት ይሰጠዋል። ብቻዋን ቋንቋ የተሰጣት ልጅ ግን ከስጦታው ጋራ ብቸኝነትም ተሰጥቷታል። እናትዋ ብቻ የምትሰማውን ቀልድ ይዛ የምታድግ ልጅ ባለጸጋ ናት ወይስ ድኻ?

ስለዚህ አንዱን ልጅ የጀመረ ሰው ጓደኛ የማብዛት ዕዳ ወደቀበት። ከዚህ በኋላ ስብሰባው፥ የመምህራን ደመወዝ፥ የአጻጻፍ ስምምነቱ፥ የጸሓፊነት ሥራ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ለዚያች ልጅ የሚከፈል ፍርድ ይሆናል። ማሽፒ፥ አኲና፥ አሶኔትና ሄሪንግ ፖንድ የሚባሉት አራት ማኅበሮች በዚህ ሥራ አንድ ሆኑ። ማሽፒና አኲና በአሜሪካ መንግሥት ዘንድ በነገድነት የታወቁ ናቸው፤ አኲና በ1987፥ ማሽፒ በ2007 ታወቁ፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ይህ መታወቅ የላቸውም። በመንግሥት ፊት እኩል ያልሆኑ ወንድማማቾች በአንድ ፊደል ፊት እኩል ሆነው መቀመጣቸው ቀላል ነገር አይደለም። ለአዲስ ነገር አዲስ ቃል ሲወጣ የማን ቃል ይጸናል? ድምፁ ሳይቀዳ ያለፈ ቋንቋ ሲነበብ የማን አነባበብ ይያዛል? አንዱ ለሌላው ካልተወለት ልጆቹ አራት ቋንቋ ይዘው ይቀራሉ፤ አራቱም ብቸኛ ይሆናሉ።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይህን ታውቀዋለች። ግዕዝ የገበያ ቋንቋ መሆኑ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመት ነው፤ የጠበቀው መጽሐፍ ብቻ ግን አይደለም። ኰቸሮ እየለመነ የሚማረው ተማሪ፥ በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ የሚዘርፈው፥ የሚነቅፈውም መምህር ጠበቁት። ድጓ አስተማሪ ለመሆን የፈለገ ቤተ ልሔም ወርዶ ይመሰክር የነበረው ዜማው በየአገሩ እንዳይለያይ ነው። ዋምፓኖአግ መጽሐፍ ነበራቸው፤ እንዲህ ያለ ጉባኤ ቤት ግን ጦርነቱና የመሬቱ መወሰድ አላቆየላቸውም። አሁን የሚሠሩት ይህን ነው። በ2016 በማሽፒ ለሕፃናት በዚሁ ቋንቋ ብቻ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ወላጆችም ለልጆቻቸው መልስ መስጠት እንዳያቅታቸው ይማራሉ።

ይህ የተመለሰው የአባቶች ቋንቋ አይደለም፥ ከወረቀት የተሰፋ አዲስ ነገር ነው የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ተቃጥላ በአዲስ ድንጋይና በአዲስ ክዳን ብትሠራ፥ ታቦቷ ያው ከሆነ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሆነች የሚል የለም። በዚህ ቋንቋ ውስጥ የታቦት ያህል የጸና ነገር ምን እንደ ሆነ ለሚጠይቅ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በአማርኛ እናት ብሎ ማቆም ይቻላል። በዚያ ቋንቋ ግን የዘመድና የአካል ስም ብቻውን አይቆምም፤ እናቴ፥ እናትህ፥ እናቱ ይባላል እንጂ የማንም ያልሆነች እናት፥ የማንም ያልሆነ እጅ በቃል አይወጣም። ይህ ሥርዓት በ1663 መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ በኑዛዜዎቹ ውስጥ አለ፤ አሁን ደግሞ በማሽፒ ሕፃናት አፍ አለ፤ እነርሱም ሰዋስው መሆኑን ሳያውቁት ይናገሩታል።

ለውጭ ሰው በሩ መቼ ይከፈት የሚለውን ጥያቄ አሁን የሚያስተምሩት ሰዎች እንዲጨርሱት መጠየቅ ፍርድ አይመስልም። እነርሱ ቋንቋውን ካደጉ በኋላ ከመጽሐፍ የተማሩ ናቸው። ነገሩን በአፍ መፍቻቸው ተነጋግረው የሚወስኑ ልጆች ገና በትምህርት ቤት ናቸው።