ፀሐይ የመታው ጠርሙስ

የእህቴ ልጅ፣ ባለፈው እሑድ ከአዳማ ይዘህልኝ የመጣኸውን ወይን ጠጅ መርቄ ተቀብያለሁ። እናትህ ፊት ምንም አላልኩም። አሁን ግን ልንገርህ፣ አቼቶ ሆኗል። ጎረቤታችን ለሰላጣ ወስደውታል፤ ለሰላጣው ጥሩ ነው አሉ።

ጥፋቱ የወይኑ አይደለም። ባለሱቁ ጠርሙሱን ለአላፊ አግዳሚ ማሳያ ብሎ መስታወቱ ጋ አቁሞት፣ ፀሐይዋ ስትቀቅለው ከርማለች። አንገቱ ላይ የደረቀ ቀይ ነገር አላየህም? ቡሹስ ከጠርሙሱ አፍ ብቅ ብሎ አልነበር? ወይን ሲሞቅ ቦታ ይጠበዋል፤ ቡሹን ይገፋል፣ ይንጠባጠባል፣ በገባው አየር ደግሞ ይኮመጥጣል። አዳማና ቆቃ ውስጥ ርካሽና ደህና ወይን ማግኘት ማለት ግማሹ ይኸው ነው፤ ፀሐይ ያልመታውን መለየት። ስለዚህ ሱቅ ስትገባ የመስታወቱን አትንካ። «ከውስጥ አውጣልኝ፣ ከካርቶኑ» በል። ይሉኝታ አይያዝህ፤ ቲማቲም ስትገዛ ታገላብጥ የለም እንዴ? ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተህ ወይኑ አንገቱ ድረስ መሙላቱን እይ። ነጩ ወደ ጠጅ ቀለም ከሄደ ተወው። አቧራ የጠጣ ጠርሙስ ያረጀ ነው ብለህ አትደሰት፤ እንዲህ ያለው የየቀን ወይን አዲሱ ነው የሚጠጣው፣ ማስቀመጥ አይጨምርለትም። ወይን ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ሱቅ ፈልግና ደንበኛ ሁን።

የውጭ ስም አያታልልህ። ርካሹ የውጭ ወይን ከጂቡቲ በብረት ኮንቴይነር ታሽጎ፣ እዚህ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ፣ ቀረጥና ኤክሳይስ ተከፍሎበት ነው እጅህ የሚገባው። ለመርከቡ፣ ለመኪናውና ለቀረጡ የሄደውን ቀንሰህ ለወይኑ ምን እንደተረፈ ገምት። የጂቡቲን ሙቀትም ጨምርበት። በዚያው ብር የአገር ውስጡን ብትገዛ ገንዘብህ ጠርሙሱ ውስጥ ነው ያለው።

ደግሞ እኛ ወይኑ ደጃፋችን ላይ አይደል? ከቆቃ መቂን አልፈህ ባቱ ስትደርስ (እኛ ሽማግሎቹ ዝዋይ ማለቱ አልለቀቀንም) የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ የጀመረው የወይን እርሻ አለ። ችግኙን ከፈረንሳይ አምጥቶ ተክሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ወይኑን ለገበያ አወጣ። ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገቡበት ዙሪያውን ቦይ አስቆፍሯል፤ ወይን የሚወደው ሰው ብቻ አይደለም ማለት ነው። አካሺያ የሚለው ለየዕለቱ ይበቃሃል። ሪፍት ቫሊ የሚለው የወይኑን ዘር፣ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞ፣ ሻርዶኔ እያለ ይጽፋል፤ እሱን እንግዳ ሲመጣ ክፈት።

ሌላው የአዋሽ ወይን ጠጅ ነው፣ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የምናውቀው። የወይን እርሻው መርቲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 በጣሊያን የጦር ካሳ ከተሠራው የቆቃ ግድባችን የሚወጣው አዋሽ በወንጂ በኩል አድርጎ የሚወርድበት አገር። ዕድሜዬን ሙሉ ኃይል ማመንጫው ውስጥ ስሠራ፣ ተርባይኑን አዙሮ የሚያልፈው ውሃ ታች ወርዶ ወይን ያጠጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን ጉደር የሚለውን ወይኑን በቀዳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ጉደር ድራይ ቀይ ነው፤ አክሱሚት ጣፋጭ ነው፤ ነጭ ካማረህ ከሚላ አለልህ። ሦስቱንም አንድ አንድ ጊዜ ገዝተህ ሞክር እንጂ «የቱ ይሻላል?» ብለህ ባለሱቁን አትጠይቅ፤ ያልተሸጠለትን ነው የሚያሸክምህ።

«ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም» የሚሉህንም አትስማ። ይህ ወሬ የመጣው ቤታቸው ራሱ ከሚቀዘቅዝ አገር ነው። በቆቃ ከሰዓት ሙቀት የተቀዳ ቀይ ወይን አልኮሉ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ሌላ ጣዕም አይሰጥህም። ከእራት በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ አስገባው። ነጩን ደግሞ በደንብ አቀዝቅዘው። ብዙ ጊዜ «ርካሽ ስለሆነ ነው» የምትለው ጉድለት ሙቀቱ ነው።

ምግቡንም አስብ። ድራዩን ቀይ ከዶሮ ወጥ ጋር አታቅርብ፤ በርበሬው ወይኑን መራራ ያደርገዋል፣ ወይኑም ቃጠሎውን ያባብሰዋል። ለወጥ ሚዲየም ስዊት የሚለው፣ መለስተኛ ጣፋጩ ይሻላል። ድራዩን ለቅቅል፣ ለአልጫ፣ ለጥብስ አድርገው፤ ጥብሱ ላይ አዋዜ ካላበዛህ ማለቴ ነው። ለዓሣ ግን ነጩን የሚያህል የለም። ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ፣ ጎኑ ተበጣጥቶ፣ ቆዳው ሲንኮሻኮሽ ሎሚ ትጨምቅበትና ቀዝቃዛ ነጭ ትጎነጫለህ። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለቄሶቹ ትቼዋለሁ።)

ጓደኞችህ ቀዩን በኮካ እየበረዙ እንደሚጠጡ አውቃለሁ። እኔም በጉርምስናዬ አድርጌዋለሁ፣ አልፈርድባችሁም። ብቻ ለመበረዝ ከሆነ ሪፍት ቫሊ ላይ ብር አታፍስስ።

ብቻህን የምትኖር ሰው ነህ፣ አንድ ጠርሙስ በአንድ ምሽት መጨረስ የለብህም። ጠርሙሱን እንደከፈትክ ለኋላ የሚቀመጠውን በንጹሕ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ እስከ አፉ ሙላው፤ አየር እንዳይቀርበት ጫን አድርገህ ክደነውና ፍሪጅ ክተተው። ለሦስት ቀን ያህል ደህና ይቆያል። እኔ ሰኞ የከፈትኩትን ሐሙስ እጨርሰዋለሁ፣ የሐኪሜም ስምምነት አለበት።

በሚቀጥለው እሑድ ቆሮሶውን እኔ አስጠብሳለሁ። አንተ ነጩን ይዘህ ና። ሚኒባሱ ውስጥ ግን መስኮቱ ጋ እንዳታስቀምጠው፤ እግርህ ሥር አድርገው።