ከቀለሙ ሥር

ለንደን ውስጥ ከአባታቸው አንድ አሮጌ መኪና የወረሱ ወንድምና እህት ነበሩ። መኪናው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 የተሠራ ቮልስዋገን ነው፤ ሞተሩ ከኋላ፣ አልጋና ምድጃው ከውስጥ፣ እንግሊዞች ካምፐር የሚሉት ዓይነት። አባትየው በአብዮቱ ዘመን ተሰደው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። ብርዱ ሲያልፍ ልጆቻቸውን ጭነው ወደ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ኤክስሙር ወደሚባለው ደጋ ይወስዷቸው ነበር። ሲሞቱ የተረፈው ያ መኪናና አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ነው።

ሙት ዓመታቸው ሲቃረብ ልጆቹ ተማከሩና በአባታቸው መኪና ኤክስሙር ሄደው ሊያስቧቸው ወሰኑ።

አስቸጋሪው መብራቱ ነበር። ግራ ፍሬቻ ሲበራ የኋላ መብራቱ አብሮ ይጠቅሳል። ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ ስቶፑ በደንብ መብራት ሲገባው ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ወንድምየው አምፖል ገዝቶ ቀየረ፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ሆነ። ተስፋ አልቆረጠም። ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ ሄዶ ከቦዲው ጋር የታሰረበት ቡሎን ዘንድ ደረሰ። የኔጌቲቩ ጫፍ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ኤሌክትሪኩ የራሱን መመለሻ ስላጣ በጎረቤት አምፖል በኩል እየዞረ ነበር የሚመለሰው። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ ላሜራውንም እስኪያበራ አጸዳ፣ መልሶ ጠበቅ አድርጎ አሰረና ቫዝሊን ቀባው። መሸት ሲል እህቱን ከኋላ አቁሞ፣ "ግራ? ቀኝ? ስቶፕ?" እያለ ጠየቃት። ሁሉም በየራሱ በራ። ማንም መካኒክ ከዚህ የተሻለ አይሠራውም ነበር። ይህን መናገር ይገባል፤ የሚከተለው የሰነፍ ሰው ታሪክ አይደለምና።

"በቃ፣ እንሂድ" አለ።

"ሳናስመረምረው?"

"ምርመራ አይጠየቅበትም። 40 ዓመት አልፎታል።"

እውነቱን ነው። እንግሊዞች ዓመታዊውን ምርመራ ኤምኦቲ ይሉታል፤ አገር ቤት ቦሎ ለማግኘት የምናስደርገው ዓይነት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ሲጀመር የሚመለከተው 10 ዓመት የሞላቸውን መኪኖች ብቻ ነበር። የሚታየውም ሦስት ነገር ነው፦ ፍሬን፣ መብራትና መሪ። ኋላ ዕድሜው ወደ 3 ዓመት ወረደ፣ የሚመረመረውም እየበዛ ሄደ። ከ2018 ጀምሮ ግን 40 ዓመት የሞላውና መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገበት መኪና ከምርመራው ነፃ ሆኗል። እንዲህ ያሉ መኪኖች ጥቂት ናቸው፣ ባለቤቶቻቸውም ይንከባከቧቸዋል ተብሎ ነው። ሆኖም ለመንገድ ብቁ ያልሆነ መኪና መንዳት እዚያው አገር ዛሬም ወንጀል ነው። ጠያቂው ቀረ እንጂ ጥያቄው አልቀረም።

"ወንድምጋሼ፣ ፖርሎክን ረሳኸው እንዴ?" አለችው።

ፖርሎክ ከኤክስሙር ደጋ ወደ ባሕሩ ዳር የሚወርድ ቁልቁለት ነው፤ በየ4 ሜትሩ 1 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ለፈራ ሰው ከጎኑ በክፍያ የሚታለፍ፣ እየዞረ በዝግታ የሚወርድ መንገድ አለለት። አባታቸው ግን ሁልጊዜ በዋናው ነበር የሚወርዱት፤ ልጆቹ ከኋላ እየጮኹ።

"አባዬ ስንት ዘመን ወረደው!" አለ ወንድምየው። "ይህ ፍሬን አንድ ቀን አሳፍሮት ያውቃል?"

እህቱ አልለቀቀችውም። "ጋሼ" እያሉ የሚጠሯቸው የአባታቸው ወዳጅ በባቡር ድልድይ ቅስት ሥር ጋራዥ ነበራቸው፤ ሙያውን የለመዱት አዲስ አበባ ነው። መኪናውን ወደ እሳቸው ወሰዱት። ሽማግሌው መጀመሪያ መብራቱን አስበርተው አዩና፣ "ማን ሠራው? እጅህ ይባረክ" አሉት። ከዚያ መኪናውን በሊፍት አነሱ።

ከፊት ተነሥቶ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ቱቦ በባትሪ እያበሩ ተከተሉት። ከእርሳስ የቀጠነ የብረት ቱቦ ነው። ከዳር እስከ ዳር ወፍራም ጥቁር ቀለም ተቀብቷል።

"ንጹሕ ነው" አለ ወንድምየው።

"ንጽሕናው ነው ያስጠረጠረኝ" አሉ፤ ካቻቢቴያቸውንም አወጡ።

ቱቦው ከቦዲው ጋር የተያያዘበት ቦታ ላይ ጥቁሩን ፋቅ አደረጉት። ቀለሙ በአንድ ቁራጭ ተላጦ ወደቀ፤ ከሥሩ ቡናማ ዝገት በንብርብር ረገፈ። ከዝገቱ ሥር ደግሞ አንዲት ጠብታ የማትሞላ እርጥበት ታበራለች። እንግሊዝ አገር በክረምት መንገዱ በረዶ እንዳይዝ ጨው ይበተንበታል። ጨዋማው ጭቃ የቱቦው መያዣ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀመጣል። ያ ቀለም ጨውን አላስወጣውም፤ በላዩ ዘጋበት እንጂ።

መኪናውን አወረዱ። ከመሪው ኋላ ተቀምጠው ሞተሩን አስነሡና ፔዳሉን ባላቸው ጉልበት ሁሉ ረገጡት። ለአንድ አፍታ ጸና፤ ወዲያው ግን ከእግራቸው ሥር ሰመጠ። የፍሬኑ ዘይት ሲሚንቶው ላይ ተረጨ።

"ሰበሩት!" አለ ወንድምየው። ፊቱ ተለዋወጠ። "እዚህ ድረስ ስነዳው ይይዝ ነበር። ጋሼ፣ እንዲህ አድርጎ ማን ይረግጣል?"

"አንተ ትረግጣለህ ልጄ፤ ሕፃን ልጅ ከፊትህ የገባ ዕለት። በዓመት አንዴ ይሆናል፣ በዕድሜህም አንዴ ይሆናል። ፍሬን የሚሠራው ለዚያች ቀን ነው። ለሌላው ቀንማ ይኸኛውም ይበቃህ ነበር።"

"የኋላው ቢፈስ የፊቱ አለ። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው።"

"ናቸው። የፊቱ ያቆምሃል፤ ግን ቶሎ አያቆምህም። አልጋና ምድጃ ጭነህ፣ እህትህን ይዘህ፣ ፖርሎክ ላይ ስትሆን ያችን ትርፍ ርቀት ከየት ታመጣታለህ?"

ወንድምየው መልስ አልነበረውም፤ ቁጣው ግን አልበረደም። ይህ ቁጣ ለአብዛኞቻችን እንግዳ አይደለም። በሽታ ያገኘብንን ሐኪም፣ ጉድለት የጻፈብንን ኦዲተር፣ የልጃችንን ጥፋት የነገረንን መምህር በዚሁ ዓይን ነው የምናያቸው። እነሱ እስኪናገሩ ሁሉም ደህና ነበረና፣ ጥፋቱ የተናጋሪው ይመስለናል። ሽማግሌው የሰበሩት ነገር የለም። መሰበሩን መንገዱ ላይ ከማየት ጋራዡ ውስጥ እንዲታይ አደረጉ፤ ሰው ለሰው ከዚህ የበለጠ ውለታ ሲውል ብዙ አላየሁም።

ይህ ሁሉ ሲሆን እህትየው የአባቷን ካርቶን ከመኪናው አውጥታ ወረቀቶቹን ታገላብጥ ነበር። የየዓመቱ የምርመራ ወረቀት በተርታ ተቀምጧል፤ አባታቸው ሥርዓት የሚወዱ ሰው ነበሩ። በአንዱ ላይ መርማሪው በማሳሰቢያው ቦታ "የፍሬን ቱቦ ዝጓል" ብሎ ጽፏል። መኪናውን የሚጥል ጥፋት አልነበረም፣ ማሳሰቢያ ብቻ ነው። በቀጣዩ ዓመት ወረቀት ደግሞ "የፍሬን ቱቦ በሌላ ነገር ተሸፍኗል" ይላል። ምርመራው ፈታቶ ማየትን አይጨምርምና በዚያም አልፏል። ከመጀመሪያው ማሳሰቢያ ጎን በአባታቸው እጅ፣ በጥንቃቄ በተጻፈ አማርኛ አንድ ቃል አለ፦ "ተቀብቷል"።

ወረቀቱን ለወንድሟ ሰጠችው። አነበበው። ለረጅም ጊዜም አልመለሰላትም።

"እኛን ጭኖ ነበር እኮ" አለ በመጨረሻ። "እኛን ጭኖ ነው ይወርድ የነበረው።"

"አባታችሁ ወዳጄ ነበር" አሉ ሽማግሌው። "እናንተን ከዓይኑ ብሌን አስበልጦ ይወድ ነበር። ቱቦውን ግን ቀባው። ሁለቱም እውነት ናቸው ልጆቼ፤ አንዱን ለማዳን ብላችሁ ሌላውን አትካዱ።"

በማግስቱ ሥራ ተጀመረ። አሮጌው ቱቦ ሙሉ በሙሉ ወጣ፤ በምትኩ መዳብና ኒኬል የተቀላቀለበት፣ ጨው የማያዝገው ቱቦ ገባ። ወንድምየው ራሱ ሊሠራው ጠየቀ። ቱቦውን ቆረጠ፣ አፉን በመሣሪያው አሰፋው፤ የተስተካከለ፣ ስንጥቅ የሌለው አፍ ወጣለት። ደስ ብሎት ሲያሳያቸው ሽማግሌው ጠረጴዛውን በጣታቸው አመለከቱት። ዳዶው እዚያ ቁጭ ብሏል። አፉ ከሰፋ በኋላ በዚያ በኩል አይገባም። ያን ቆንጆ አፍ ቆርጦ ጣለው፣ ዳዶውን አስገባና እንደገና ጀመረ።

ከዚያ አየሩን ማስወጣት ነበር። ከሩቁ ጎማ ጀመሩ፤ እህትየው ፔዳሉ ላይ፣ ወንድምየው ከሥር። "ርገጪ። ያዢ። ልቀቂ።" ዘይቱ በሚወጣባት ቱቦ ውስጥ የአየር አረፋ እየተከታተለ መጣ፣ እየቀነሰ ሄደ፣ ቆመ። ፔዳሉ ጠጠረ። አዲሱን ቱቦ ቀለም ልቀባው ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ኤክስሙር ከመሄዳቸው በፊት መኪናውን ወደ ምርመራ ጣቢያ የወሰደው ራሱ ወንድምየው ነው። መርማሪው ዕድሜውን አይቶ፣ "ይህ እኮ አይገደድም" አለው። "አውቃለሁ፤ ከሥሩ በደንብ ይዩልኝ" አለ። መኪናው አለፈ፤ ስለ አንድ ጎማ ማሳሰቢያ ተጻፈበት፣ ጎማውም በዚያው ሳምንት ተቀየረ። ፖርሎክን በከባድ ማርሽ ቀስ ብለው ወረዱት።

ምርመራ የማይጠየቅበት አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ በፈቃዳችሁ ማስመርመር አልተከለከለም። ከዚያም በፊት፣ ዛሬ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ፔዳሉን ባላችሁ ጉልበት ርገጡትና ያዙት። የሚሰምጥ ከሆነ ቁልፉን ነቅላችሁ መካኒክ ጥሩ።